ኬሞ ላይ ሆኖ መንቀሳቀስና ተስፋ መያዝ፦ ሐዋሳ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ሰላም ውዶቼ። ጡቴ ላይ እባጭ ያገኘሁት ገላዬን ስታጠብ ነው፣ የጡት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፣ ከዛ በኋላ ስምንት ዙር ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት)፣ ኦፕራሲዮን፣ ጨረር፣ ሁሉንም አልፌ አሁን ክትትል ላይ ነኝ። ባጃጅ ውስጥም፣ ገብርኤል ደጅም፣ ቴሌግራም ላይም የምትጠይቁኝ ነገር አንድ አይነት እየሆነ ስለመጣ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ሀኪም አይደለሁም። ከዚህ ውስጥ የምትሞክሩትን ነገር በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሀኪማችሁ ወይ ለሲስተር ነግራችሁ ጀምሩ፣ ምክንያቱም የእናንተ ካንሰርና የእናንተ መድኃኒት ከእኔ ሊለይ ይችላል።

ኬሞ ላይ ያለ ሰው ዝም ብሎ ቢተኛ አይሻለውም?

እኛም ቤት መጀመሪያ የታሰበው እንደዛ ነበር። እማዬ ከአልጋ ከወረድኩ የምሰበር ነበር የሚመስላት፣ ውሃ እንኳን ራሴ ልቅዳ ስል "ተኚ በማርያም!" ነው። በፍቅር ነው እኮ የሚያስተኙን። ግን ሁለተኛው ዙር ላይ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ልቤ ሲደልቅ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ በሽታው የባሰብኝ መስሎኝ በጣም ደነገጥኩ። ሲስተር ናት ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ፣ ጡንቻ ሳይሰራ ከዋለ ቶሎ ይሟሽሻል፣ ሲሟሽሽ ትንሿም ነገር ታደክማለች፣ ሲደክምሽ መልሰሽ ትተኛለሽ፣ እንዲህ እያለ ይዞሽ ይወርዳል አለችኝ። የካንሰር ድካም ደግሞ እንደ ሥራ ድካም አይደለም፣ አስር ሰዓት ተኝተሽም አይለቅም። እኔን የለቀቀኝ ቀስ እያልኩ መራመድ ስጀምር ነው።

ይሄ የእኔ ብቻ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 2019 ከብዙ ሀገር የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት ምክር በሳምንት 3 ቀን 30 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ካንሰር ያለበትን ሰው ድካም፣ ጭንቀትና ድብርት ይቀንሳል ይላል። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማህበር ደግሞ በ2022 ሕክምና ላይ ላሉ ሰዎች ሐኪሞቻቸው እንቅስቃሴ እንዲመክሩ መመሪያ አውጥቷል። በ2025 የወጣው ጥናት ግን እኔን ያስለቀሰኝ ነው፣ የአንጀት ካንሰር ኖሮባቸው ኦፕራሲዮንና ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ 3 ዓመት ሙሉ ከአሰልጣኝ ጋር እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ፣ ከ5 ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት የነበሩት ከሚንቀሳቀሱት ከመቶ 80 ገደማ፣ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 74 ገደማ ናቸው። ልብ በሉ ይሄ ኬሞ ከጨረሱ በኋላ ነው፣ የአንጀት ካንሰር ላይ ነው፣ መድኃኒታቸውንም ሁሉም ወስደዋል። ስለዚህ እየተራመድኩ ኬሞውን ልተወው የሚል ካለ በፍጹም፣ አደራ።

እሺ፣ ከየት ልጀምር? ስንት ደቂቃ?

ከአልጋ እስከ በር። እውነቴን ነው፣ እኔ የጀመርኩት ከመኝታ ቤት እስከ ግቢው በር ሄዶ መመለስ ነው፣ በሳምንቱ እስከ ጎረቤት ሱቅ፣ ከዛ እስከ አስፋልቱ። 5 ደቂቃ ጠዋት 5 ደቂቃ ማታ ከቻልሽ በቂ ነው፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ትጨምሪያለሽ። ልክ መሆኑን የምታውቂው እየሄድሽ ማውራት ስትችይ ነው፣ ወሬ እያቋረጥሽ የምትተነፍሺ ከሆነ ፈጥነሻል ማለት ነው።

ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ከተማ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ዛፍ አለ፣ ሐይቁ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ ጋ ያለውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፣ ሐይቁ ገና ጭጋግ ይዞ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው ቆመው፣ ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ። የመጀመሪያ ቀን ስሄድ አንድ አግዳሚ ወንበር ደርሼ ተቀመጥኩ፣ ከዛ ማለፍ አልቻልኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛው ወንበር። ከደቂቃ ይልቅ በወንበር መቁጠር በጣም ነው የረዳኝ፣ ምክንያቱም ሲደክምሽ የምታርፊበት ቦታ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ከ3 ሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ግን ተጠንቀቂ፣ አንዳንድ የኬሞ መድኃኒት ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርገዋል፣ ጃንጥላ ወይ ሰፊ ባርኔጣ ያዢ። ታቦር ተራራ መውጣት የምትጠይቁኝ አላችሁ፣ እሱ ሕክምና ሲያልቅ ይደረስበታል፣ እኔ ከጨረስኩ ከሰባት ወር በኋላ ነው የወጣሁት።

መራመድ ብቻም አይደለም፣ ጡንቻም ይፈልጋል። ጂም አያስፈልግም። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ መጀመሪያ 5 ጊዜ ከዛ 10። ግማሽ ሊትር ሀይላንድ ውሃ ሞልተሽ በሁለት እጅሽ ከፍ ዝቅ ማድረግ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ታክሶል የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት የምትወስዱ ጣታችሁና የእግራችሁ መዳፍ ሊደነዝዝ ይችላል፣ ስለዚህ ነጠላ ጫማ ሳይሆን እግር የሚይዝ ስኒከር፣ ደረጃ ላይ ደግሞ መደገፊያ ይዞ።

የማልንቀሳቀስበት ቀን አለ ወይ?

አለ። ሲያዞርሽ፣ ደረትሽን ሲወጋሽ፣ ቁጭ ብለሽም ትንፋሽ ሲያጥርሽ፣ በጣም ሲያስመልስሽ ወይ ሲያስቀምጥሽ ተኚ፣ ለሀኪምም ደውዪ። ደምሽ ሲታይ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ወርዷል ከተባልሽ የምትወድቂበትን ነገር ሁሉ ተዪ። አጥንት ላይ ደርሷል የተባላችሁ ደግሞ ሸክምና ጎንበስ ብድግ ሳትጠይቁ አታድርጉ፣ አጥንት ሊሰበር ይችላልና።

ትኩሳት ግን ለብቻው ልበል። ኬሞ ከተወሰደ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል፣ በዛን ጊዜ 38 እና ከዛ በላይ ትኩሳት ማለት ድንገተኛ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። እኛ ሐዋሳ ያለን ችግር ደሞ ወባ ስለምናውቅ ትኩሳት ሲመጣ "ወባ ናት" ብለን ፓራሲታሞል ሰጥተን ማሳደር ለምደናል። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ይሄ በጣም አደገኛ ነው። ወባ ሊሆን ይችላል፣ ይመርመሩት፣ ግን ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ኬሞ ላይ ነኝ፣ የወሰድኩት በዚህ ቀን ነው" ይሁን። እኔን አንዴ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የወሰዱኝ አንድ ቦታ ተራ ጠብቂ ተብዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ወንድሜ ገብቶ "ኬሞ ላይ ናት" ሲላቸው ነው ሁሉም የተሯሯጠው። ቴርሞሜትር ግዙ፣ ራስጌ ይቀመጥ።

ሁሌ የምታወሪው ደብተር ምንድነው?

የልጄ የ4ኛ ክፍል የሂሳብ ደብተር ነው፣ ግማሹ ባዶ ነበር። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሬ በየቀኑ አንድ መስመር እጽፍበታለሁ። አሁንም አለ፣ ከፊቴ ነው፣ እንዲህ ይላል፦ "ቀን 1፣ ቀዩ ኬሞ፣ ሽንቴ ቀላ።" (አትደንግጡ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል።) "ቀን 3፣ የቁሌት ሽታ ከቤት አስወጣኝ። ቀን 4፣ አለቀስኩ። ቀን 5፣ አለቀስኩ፣ ግማሽ ሙዝ። ቀን 6፣ ሽሮ አማረኝ፣ በላሁ። ቀን 9፣ አፌ ቆሰለ። ቀን 14፣ እስከ ሁለተኛው ወንበር።"

ሁለተኛው ዙር ላይ ቀን 4 ሲደርስ እንደገና አለቀስኩ፣ ከዚህ አልነሳም፣ ይሄ መጨረሻዬ ነው ብዬ ለእማዬ የኑዛዜ የሚመስል ነገር ሁሉ ተናገርኩ። በስድስተኛው ቀን ደግሞ ሽሮ አማረኝ። ያኔ ነው ደብተሩን መልሼ ገልጬ ሁለቱን ዙር ጎን ለጎን ያየሁት፣ ቀኖቹ ይመሳሰላሉ። ሦስተኛው ዙር ላይ ቀን 4 ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቼ ልጄ ደብተሩን ይዛ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ "እማዬ፣ ነገ ወዲያ እኮ ሽሮ ነው" አለችኝ። ከዛ ቀን በኋላ ቀን 4 ሲመጣ ማልቀሴ አልቀረም፣ ግን እንደሚያልፍ እያወቅኩ ነው የማለቅሰው፣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ተስፋ ስትሉኝ እኔ የማውቀው ይሄን ነው፣ ነገ ወዲያ ምን እንዳለ ማወቅ።

ለሀኪሙም ይጠቅመዋል። "ያስመልሰኛል" ከማለት "ቀን 2 እና 3 ላይ በቀን አራቴ" ስለው ማስመለስ የሚከላከለውን መድኃኒት ቀየረልኝ፣ ቀጣዩ ዙር በጣም ቀለለኝ። ከየዙሩ ሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የእኔ ሳምንት እንደሆነ ስላወቅኩ ገበያውንም፣ የልጄን ልደትም፣ ዘመድ ጥየቃውንም ወደዛ ነው የማደርገው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ዙሩ እየገፋ ሲሄድ ድካሙ ይጠራቀማል፣ ሰባተኛው ላይ ሽሮዋ የመጣችው ቀን 8 ነው። መጣች ግን።

አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ) ሄጄ ዓሳ መብላት እችላለሁ?

የበሰለውን አዎ፣ ጥሬውን አይ። ይሄን ስናገር የሚቆጡኝ አሉ፣ የሐዋሳ ልጅ ጥሬ ቆሮሶ ዓሳ በሚጥሚጣ ካልበላ ምኑን ኖረው ይሉኛል፣ ይገባኛል፣ እኔም የሚያምረኝ እሱ ነበር። ግን ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሰዓት ጥሬ ዓሳ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት ውስጥ ያለው ጀርም ሰውነት የሚመክተው አይደለም። የዓሳ ሾርባው ግን በደንብ ፈልቶ ከመጣ ፕሮቲን ነው፣ ፈሳሽ ነው፣ አፍ ለቆሰለም ይወርዳል፣ በርበሬውና ቃሪያው ይቅርብሽ እንጂ። አፍ ሲቆስል ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ጨውና ትንሽ የመጋገሪያ ሶዳ (ቤኪንግ ሶዳ) በጥብጦ መጉመጥመጥ ይረዳል። ቡርሳሜ (ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራው የሲዳማ ምግብ) ከወደድሽ ጥሩ ጉልበት ነው፣ ቅቤውን የፈላና የነጠረ አድርገሽ።

ጾምን በተመለከተ፣ የንስሐ አባቴ "ልጄ መድኃኒትሽ ነው ጾምሽ" ብለው ነው ያሰናበቱኝ፣ ቤተክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች። ሙስሊም እህቶቼም ቁርአን ለታመመ ሰው ሌላ ቀን እንደፈቀደ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጾሙን እጾማለሁ የምትሉ ደግሞ ለሀኪም ሳትደብቁ ንገሩ።

ጠበልና የባህል መድኃኒትስ?

ጠበል እኔም ሄጃለሁ፣ ልቤን አሳርፎታል። ቀጠሮ አላቋረጥኩበትም፣ ደሜ በወረደበት ሳምንትም ሰው የተጨናነቀበት ቦታ አልገባሁም። ጠበሉን ለሚያጠምቁ አባት ኬሞ ላይ መሆኔን ስነግራቸው ሁለቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው አሉኝ። የሚጠጣ ቅጠልና ሥር ግን ሌላ ነገር ነው፣ ጉበት ላይ ከኬሞው ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ የምትወስዱትን ስሙን ጠርታችሁ ለሀኪም ንገሩ፣ ስሙን የማይነግራችሁ ሰው የሰጣችሁን ደግሞ አትጠጡት።

ኦፕራሲዮን ከሆንኩ በኋላ እጄ አልነሳ አለኝ፣ ልተወው?

አትተዪው። ሀኪሙ ጀምሪ ካለሽ ቀን ጀምሮ ቀስ እያልሽ። እኔ ግድግዳ ፊት ቆሜ በጣቶቼ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ እወጣለሁ፣ የደረስኩበት ቦታ ላይ ልጄ በእርሳስ ትሰምራለች፣ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አሁንም አስራ ሁለት መስመር አለ፣ ቀለም ሲቀባ እንዳይነካ ብያለሁ። ፀጉሬ ባይኖርም ማበጠሪያ ይዤ የማበጠር እንቅስቃሴ እሰራ ነበር። እጅ ሲያብጥ፣ ሲከብድ፣ ቀለበት ሲጠብ ቶሎ አሳዩ። ድሮ እድሜ ልክ ነገር አታንሺ ይባል ነበር፣ አሁን ግን ቀስ በቀስ በባለሙያ እየታየ ክብደት መጨመር እብጠቱን እንደማያባብስ ይታወቃል። ሕፃን ልጅሽን እንደገና ታቅፊያለሽ።

ሊጠይቁኝ የሚመጡ ሰዎች እያለቀሱ ያስጨንቁኛል፣ ምን ላድርግ?

ይሄን የጠየቀችኝ ልጅ በጣም ነው ያሳዘነችኝ፣ እኔም ያው ነበርኩ። ሰው ይመጣል፣ ሻሼን ያያል፣ እንባው ይመጣል፣ ከዛ "የእገሌ ሚስትም በዚሁ ነው የሄደችው" ይላል፣ ክፉ አስቦ አይደለም፣ የሚለው ጠፍቶት ነው። እኛ ቤት የተገኘው መላ እትዬን በር ላይ ማድረግ ነው። ታላቅ እህቴ ናት፣ ሰው ሲመጣ ቡናውን ግቢ ውስጥ ታፈላለች፣ "ግቡ፣ ግን ስለ ሞተ ሰው አይወራም፣ ጉንፋን ያለበት ደሞ ከዚሁ ሰላም ይበላት" ትላለች። አንዳንዱ ተቀይሟል፣ በኋላ ታርቀናል።

እናንተ ጠያቂዎች የምትሆኑ ደግሞ፣ "አይዞሽ" በቂ ነው። ከሱ ካለፋችሁ ደግሞ ሥራ ሥሩ፣ አንዷ ጎረቤቴ ምንም ሳትናገር በየሳምንቱ ማክሰኞ እየመጣች "ተነሺ ጫማሽን አድርጊ" ትለኝ ነበር፣ በቃ፣ እጄን ይዛ እስከ ወንበሩ። ከመጣው ብርቱካን ሁሉ እሷ ትበልጥብኛለች።

እናታችን ካንሰር እንዳለባት አልነገርናትም፣ ብንነግራት ተስፋ ትቆርጣለች ብለን ነው፣ ልክ ነን?

እንዳትቀየሙኝ እንጂ ልክ አይደላችሁም። ፀጉሯ እየረገፈ፣ እናንተ ማድቤት ገብታችሁ እየተንሾካሾካችሁ፣ አታውቅም ብላችሁ ነው? እኔ ስሙ ሳይነገረኝ በፊት አውቄው ነበር፣ የሚያሳብደኝ ብቻዬን ማወቄ ነበር። ስሙን ካላወቀች ለምን እንደምትራመድ፣ ትኩሳት ሲመጣ ለምን መሮጥ እንዳለባት በምን ታውቃለች? አንድ ላይ ቁጭ በሉና የምትወደው ሰው፣ የንስሐ አባቷም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ከሀኪሙ ጋር ሆኖ ቀስ ብሎ ይንገራት፣ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ እሷን እየጠየቃችሁ። ከመንገር ጋር ቀጥሎ የሚደረገውን ይዛችሁ ግቡ፣ "ይሄ ነው፣ መድኃኒቱ ይሄ ነው፣ ሰኞ እንጀምራለን።"

ሀኪሙ "ከዚህ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም" ካለስ? ያኔ ምን ተስፋ አለ?

ሪፈራል ሆስፒታል ኬሞ ስንወስድ ጎን ለጎን የምንተኛ አንድ ጋሼ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እንደዛ ተብለው ነበር። ሕመሙን ብቻ እንዲያስታግሱላቸው ጠየቁ፣ ሞርፊን ታዘዘላቸው፣ ሕመሙ ሲበርድ መተኛት ቻሉ፣ መተኛት ሲችሉ ቁጭ ማለት ቻሉ፣ ከዛ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ልጃቸው ደግፎ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን አቮካዶ ድረስ ያደርሳቸው ነበር። ሊያዩ የፈለጉት አዲሱን የልጅ ልጅ ክርስትና ነበር፣ አዩ፣ ታቅፈውት የተነሱት ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። ስለዚህ ሕመምን ማስታገሻ ጠይቁ፣ ሕመምን መቻል ጀግንነት ነው ብላችሁ አትሸከሙት፣ ሱስ ያስይዛል እያላችሁም ታማሚውን አትከልክሉት፣ የሐኪም ትዕዛዝ ላይ እስከሆነ ድረስ።

ለጨረር አዲስ አበባ ልሄድ ነው፣ መንገዱን እንዴት ልቻለው?

ለብዙ ዓመታት በሀገሪቱ ጨረር የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ብዙዎቻችን በዚህ መንገድ አልፈናል። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁጭ ብሎ መዋል ደም እግር ላይ እንዲረጋ ያደርጋል፣ ሻሸመኔ ላይ፣ ባቱ ላይ ወርደሽ ተራመጂ፣ መኪና ውስጥም ቁርጭምጭሚትሽን አዙሪ። ጨረር በአብዛኛው ከሰኞ እስከ አርብ በየቀኑ ለሳምንታት ነው፣ ስለዚህ ማረፊያ አስቀድማችሁ አስቡ፣ ዘመድ ከሌላችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ድጋፍ ያደርጋሉ። ከማረፊያዬ እስከ ሆስፒታሉ ያለውን የመጨረሻ ፌርማታ በእግሬ ነበር የምሄደው፣ የቀኑ እንቅስቃሴዬ እሱ ነው።

ሥራ ላቁም?

እንደ ሥራው ነው። የምትችሉ ሙሉ በሙሉ አታቁሙ፣ ቀንሱ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አድርጉት።

አብሮኝ የሚሄድ ሰው የለኝም፣ ብቻዬን ደግሞ እፈራለሁ

እኔና ሌሎች አራት ሴቶች ማክሰኞና አርብ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ እንገናኛለን። ሁለቱ አሁንም ኬሞ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ በጣም ቀስ ነው የምንለው፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ሁሌም ቁጭ እንላለን፣ የደከማት ካለች ሁላችንም እዛው እንቀራለን። ሻሽ የሚያደርጉትን ፈልጊ፣ እኛ ነን። ውሃሽን ያዢ፣ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ነፋስ ስላለ ጋቢ ወይ ሹራብ ደርቢ፣ ደብተርሽንም አምጪ።